ለግንብ የተመረጠ ቦታ ለድንኳን አይሆንም፦ በስኮትላንድ የስምንት ቀን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሁለት ሰው፣ አንድ መኪና፣ አንድ ድንኳን፣ አሥራ አንድ ግንብ። ወቅቱ የግንቦት መጨረሻ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ስለዚህ ግንቡ ደጃፍ ላይ 9:30 ተብሎ የተለጠፈው እዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ግንቦት የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። ፀሐይ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ትወጣለች፤ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ድንኳን በብርሃን ይተከላል። በዚያ ላይ ሚጅ የሚሏት የደጋው ጥቃቅን ነካሽ ትንኝ ገና መጀመሯ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢሆን ይህ ማስታወሻ ግማሹ ስለ እርሷ በሆነ ነበር።

ቀን 0፣ ዝግጅት

ድንኳኑ ከመጫኑ በፊት ደጅ ላይ አንድ ጊዜ ተተክሎ ውሃ ተረጨበት። በአንድ ስፌት በኩል ጠብ ጠብ አለ፤ ከውስጥ የተለጠፈው ማሸጊያ ተልጦ ነበር። መድፈኛው እንደ ሸራው ቅብ መመረጥ አለበት፤ ፖሊዩሬቴን የተቀባ ሸራ ላይ የሲሊኮን ማጣበቂያ አይይዝም፣ በማግስቱ እንደ ሽፋን ተላጦ ይነሳል። የፖሊዩሬቴን መድፈኛ በቀጭን ብሩሽ ተቀብቶ ሌሊቱን ደረቀ።

ድንኳኑ ለሦስት ሰው የተሠራ ዋሻ ቅርጽ ያለው ነው። ለሁለት ሰው የተሠራው ሁለት ሰው ያስተኛል፤ የረጠበ ጃኬት፣ ጭቃ የያዘ ጫማና የእህል ሣጥን ግን ቦታ አያገኙም። የውጭው ሸራ የ3,000 ሚሊ ሜትር የውሃ ግፊት ይችላል፤ የሚተከለውም ከውጭው ሸራ ጀምሮ ስለሆነ በዝናብ ሲተከል መኝታው አይረጥብም። ለስኮትላንድ ይህ አተካከል ከድንኳኑ ክብደትም ከዋጋውም በፊት ሊታይ ይገባል።

ካስማ 22፦ 14 ባለ ሦስት ክንፍ አሉሚኒየም ባለ 18 ሳንቲ ሜትር፣ 4 ረጅም ለልል አፈር፣ 4 ቀጭን ጠንካራ ሚስማር መሰል ለድንጋያማ መሬት። የአውታር ገመድ ትርፍ 10 ሜትር። መዶሻ። ከመኝታው ሥር ለሚነጠፍ ሸራ የተቆረጠው ልክ ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ተርፎ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከወለሉ ሥር ያጠራቅማል።

ስንቅ፦ ሽሮ 500 ግራም፣ ድርቆሽ 800 ግራም፣ በሶ 1 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈጨ ቡና 350 ግራም። ቁሌቱ ቤት ተሠርቶ በሁለት የመስታወት ዕቃ ተሞላ፤ በማቀዝቀዣ ሣጥን ለሦስት ቀን ብቻ ነው የታሰበው። አባቶቻችን ለዘመቻ የያዙት ስንቅ ለድንኳን ጉዞ ከምንም ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በሶ ደግሞ እሳት አይፈልግም። ጀበናው ቤት ቀርቷል። የትንሿ ምድጃ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩር ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ክብ ቂጡም በሦስቱ የብረት እግሮች ላይ አይቆምም። ቡናው በትንሽ ድስት ይፈላል፣ ወርዶ አራት ደቂቃ ይሰክናል፣ ቀስ ተብሎ ይቀዳል።

ትኬት፦ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ቅርሶችን በሚያስተዳድረው የመንግሥት ተቋም በሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንት ስኮትላንድ ሥር ስለሆኑ የብዙ ቀን ማለፊያው ያዋጣል። አይሊን ዶናንና ደኖተር የየራሳቸው ባለቤት አላቸው፣ ለብቻ ይከፈላል። ለኤድንብራ ማለፊያ ቢኖርም የመግቢያ ሰዓት በድረ ገጽ ቀድሞ መያዝ አለበት። ሌላው ከመነሳት በፊት መታየት ያለበት የመዘጋት ዝርዝር ነው። በእነዚህ ዓመታት የብዙ ግንቦች ከፍተኛ ክፍል ድንጋዩ እስኪመረመር በአጥር ይከለላል፤ ሳያጣሩ ሁለት ሰዓት ነድቶ አጥር አይቶ መመለስ አለ።

ቀን 1፣ ታንታሎን

ከኤድንብራ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል። ከ1350ዎቹ ጀምሮ የዳግላስ ጌቶች ያሠሩት ነው። አሠራሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ሦስቱን ጎን የባሕር ገደል ጠበቀው፣ አራተኛውን አንድ ግድግዳ ዘጋው። ግድግዳው ወደ ላይ 15 ሜትር ይቆማል፣ 3.6 ሜትር ይወፍራል፣ ድንጋዩ ቀይ ነው። ቀረብ ሲሉ በቀዩ መካከል አረንጓዴ ቀለም ያለው ድንጋይ ይታያል፤ ንጉሥ ጄምስ 5ኛ በ1528 ከከበበው በኋላ የተጠገነበት ነው። ግንብ ሲጎበኝ መጀመሪያ የሚፈለገው ይህ ዓይነት የቀለም ለውጥ ነው፤ ጥገና፣ ጭማሪ ወይም የተደፈነ በር ያለበትን ቦታ ያሳያል። የእንግሊዙ ጦር መሪ የክሮምዌል መድፍ በ1651 ለ12 ቀን ደበደበው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይኖርበት ዘንድ አልተጠገነም።

ጌቶቹ ገደል ላይ የሰፈሩት ከሩቅ ለማየትና ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ለመጠቃት ነው። ድንኳን የሚፈልገው ግልባጩን ነው፦ ከነፋስ የተከለለ፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ትንሽ አየር ግን የሚያልፍበት። ስለዚህ በየቀኑ ያለው ሥራ ግንቡን አይቶ ከግንቡ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እዚህ አካባቢው እርሻ ስለሆነ በነጻ አይሰፈርም፤ የተከፈለበት የድንኳን ሜዳ ተያዘ።

አተካከል፦ የዋሻው ጀርባ ወደ ነፋሱ። መጀመሪያ የጀርባው ሁለት ካስማ፣ ከዚያ ዘንጎቹ፣ ከዚያ ተወጥሮ የፊቱ ሁለት። የካስማው አናት ከድንኳኑ እንዲሸሽ አጋድሎ ነው የሚመታው፤ አውታሩና ካስማው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ መያዣው ከሁሉ የጠነከረ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ስህተት፦ ባሕር ዳሩ አሸዋማ ስለሆነ ሁለት አጭር ካስማዎች ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነቅለው ሸራው ሲማታ አደረ። መፍትሔው ረጃጅሞቹን መጠቀምና በነፋሱ በኩል ላሉት ሁለት ሁለት ካስማ በመስቀለኛ መምታት ነበር፤ ይህ ከመተኛት በፊት ሊደረግ ሲገባ በባትሪ መብራት ተደረገ።

የጋዝ ሚዛን፦ ጣሳው በወጥ ቤት ሚዛን ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ተመዘነ። አንድ ሊትር ውሃ ከነፋስ ተከልሎ ሲፈላ 14 ግራም፣ ሳይከለል 23 ግራም በላ። ነፋስ መከለያው ግን ምድጃውን ዙሪያውን መዝጋት የለበትም። ጣሳው ከነበልባሉ ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ተመልሶ ያግለዋል፣ ያ ደግሞ ያፈነዳል። በነፋሱ በኩል ግማሽ ክብ ብቻ።

ቀን 2፣ ኤድንብራ

ድንኳኑ ባለበት ቀረ። መኪናው ከከተማ ውጭ ባለ ማቆሚያ ተትቶ በአውቶቡስ ተገባ፤ ከግንቡ አጠገብ ማቆሚያ መፈለግ ግማሽ ቀን ያቃጥላል። የመግቢያ ሰዓት ከጧቱ 3 ተኩል፣ የመጀመሪያው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ዘውዱ ክፍል ስለሚሰለፍ በግልባጩ ወደ ላይኛው ጫፍ መውጣትና ቅድስት ማርጋሬት ጸሎት ቤትን ባዶውን ማየት ይቻላል። በ1130 ገደማ ንጉሥ ዴቪድ 1ኛ በእናቱ ስም ያሠራው፣ ከከተማው ቀዋሚ ሕንጻዎች ሁሉ የቆየው ነው። አጠገቡ ሞንስ ሜግ ትገኛለች፤ በ1449 የተሠራች፣ በ1457 ለጄምስ 2ኛ የተላከች፣ 150 ኪሎ የድንጋይ ጥይት የምትተኩስ መድፍ።

ግንቡ የቆመው ባረጀ እሳተ ገሞራ አንገት ላይ ነው። ዓለቱ ለጥቃት አስቸጋሪ ነው፣ ለውሃ ግን የባሰ ነው፤ ጠጣር ዓለት ውሃ አይሰጥም። በ1573 ከበባ የዴቪድ ማማ በመድፍ ሲፈርስ ፍርስራሹ የውሃ ጉድጓዱን ደፈነው፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ውስጥ ያሉት እጅ ሰጡ። ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው የመድፍ መደብ በዚያ ማማ ቅሪት ላይ የተሠራ ነው። ግንብ በተጎበኘ ቁጥር ጉድጓዱ የት እንዳለ ቢጠየቅ ስለ ቦታው አብዛኛው ነገር ይገባል።

የቀን 7 ሰዓት መድፍ ከ1861 ጀምሮ ከእሑድ በቀር ይተኮሳል፤ በጉም ቀን ምልክት ማየት ለማይችሉ መርከቦች ሰዓት መንገሪያ ነበር። ሕፃን የያዘ ሰው ከመደቡ ራቅ ቢል ይሻለዋል።

ከግንቡ ወርዶ በፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከመቅደላ ተወስዶ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ2002 ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከዚህ ቤት ነው። ለእኛ ሰው ከግንቡ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ቦታ ነው።

ቀን 3፣ ብላክነስ፣ ሊንሊዝጎ፣ ላርበርት

ድንኳኑ ተነቀለ፤ እርጥብ ነበር። ውስጡ የረጠበው ከዝናብ አልነበረም፣ ከትንፋሽ ነው። ለሙቀት ተብሎ አየር ማስገቢያዎቹ ሁለቱም ተዘግተው ስላደሩ እርጥበቱ በቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጠል ሆነ፣ የመኝታ ከረጢቶቹን እግር አራሰ። ከዚህ ሌሊት በኋላ ማስገቢያዎቹ በብርድም በዝናብም ክፍት ናቸው። ብርድ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው፤ ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ከተጨማሪ ብርድ ልብስ በላይ ይሠራል።

ብላክነስ በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ ዳር የቆመ፣ መርከብ የሚመስል ግንብ ነው። በ1530ዎቹና 40ዎቹ ለመድፍ ዘመን ሲጠናከር ግድግዳው እስከ 5.5 ሜትር ወፈረ። አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ግቢው እንደ ተፈጥሮ ዓለት ወጣ ገባ ስለሆነ ጠንካራ ጫማ ግድ ነው።

ሊንሊዝጎ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ጄምስ 5ኛ በ1512፣ ልጁ የስኮቶች ንግሥት ሜሪ በታኅሣሥ 1542 የተወለዱበት ቤተ መንግሥት ነው። በ1746 ተቃጥሎ ጣሪያው ወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ክፍት ነው። ጣሪያ የሌለው ግንብ ለመማር ከጣሪያ ካለው ይሻላል፤ አጥንቱ ይታያል። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ የእሳት ምድጃ ካለ እግሩ ሥር ወለል ነበረ ማለት ነው። በግድግዳው ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ትናንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች የወለሉ ወራጆች ጫፍ የገባባቸው ናቸው። በግድግዳው ላይ ያለ ሰያፍ ጭረት የወደቀ ጣሪያ የነካበት ነው። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳው እየቀጠነ ከሄደ አንድ ፎቅ ታልፏል። እነዚህን አራቱን ብቻ ይዞ የገባ ሰው ያለ አስጎብኚ ቤቱን በሐሳቡ መልሶ ያቆመዋል።

ውሃ ደግሞ ከላይ ነው የሚገባው። ጣሪያ ሲጠፋ የግድግዳው አናት ዝናብ ይጠጣል፣ ክረምት ሲመጣ ይበርዳል፣ ሲበርድ ይሰፋል፣ ድንጋዩን ይገፋዋል። ድሮ የተሠራው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን አስተንፍሶ ያወጣል። በኋላ ዘመን በሲሚንቶ የተሞላው መገጣጠሚያ ግን ውሃውን ያፍነዋል፣ ለስላሳው የአሸዋ ድንጋይም ከሲሚንቶው ቀድሞ ይፈረፈራል። በጥሩ ዓይን ሲታይ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ የሲሚንቶው መስመር እንደ መረብ ተርፎ የቀረባቸው ግድግዳዎች አሉ። የጎንደር ግንቦችም በኖራ የተሠሩ ስለሆኑ ይህን ማየት ለእኛ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም፤ እዚያም ጥገና ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ በምን ይሞላ የሚለው ነው።

ወደ ስተርሊንግ ሲኬድ ላርበርት መንገድ ላይ ነች። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ጄምስ ብሩስ ተቀብሯል፤ በ1770 ጎንደር የገባው፣ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን እዚያ የኖረው፣ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ የተመለሰው። ያን ሁሉ ምድረ በዳ ተሻግሮ በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ሐውልቱ ከድንጋይ ሳይሆን በአጠገቡ ካለው የካሮን ብረት ፋብሪካ የተሠራ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። 20 ደቂቃ ይበቃል።

ቀን 4፣ ስተርሊንግና ዱን

ስተርሊንግ ላይ ትልቁ አዳራሽ ቢጫ ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። የጄምስ 4ኛ አዳራሽ ነው፣ በ1503 ገደማ ያለቀ፣ 42 ሜትር ርዝመት ያለው፤ በ1999 ሲታደስ የቀድሞው የኖራ ቅብ ተመለሰለት። ሰው ሁሉ ግንብን በባዶ ግራጫ ድንጋይ ስለለመደ ይገረማል። ነገር ግን ቅቡ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩን ከዝናብ የሚጠብቅ ልብስ ነው። የዛሬው ግራጫ ግንብ ልብሱን ያወለቀ ግንብ ነው። የጄምስ 5ኛ ቤተ መንግሥት ክፍሎች በ2011 ታድሰው ተከፍተዋል፤ ከሦስት ሰዓት በታች አይበቃም።

ዱን ከዚያ 13 ኪሎ ሜትር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአልባኒ መስፍን ሮበርት ስቴዋርት ያሠራው ነው። ከሁሉ በላይ ወጥ ቤቱ ይታይ፤ የእሳት ምድጃው 5.5 ሜትር ይሰፋል፣ ሙሉ በሬ የሚገባበት ነው፣ ምግቡ የሚወጣበት መስኮትም ከአዳራሹ በኩል ይታያል። በሩ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ የስኮትላንድ ልዩ ሥራ ነው። ቋሚውና አግዳሚው ብረት እየተፈራረቁ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ፤ ስለዚህ አንዱን ብረት ብቻ መንቀል አይቻልም። እጅ አስገብቶ መገጣጠሚያውን ማየት ያስፈልጋል።

ማታ ሽሮ፦ 60 ግራም ሽሮ፣ 550 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሦስት ማንኪያ ቁሌት። ቁሌቱና ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፣ ሽሮው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመር፤ ዱቄቱ ቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፣ በጠባብ ድስት ደግሞ ማማሰል ከባድ ነው። 12 ደቂቃ፣ 21 ግራም ጋዝ። ድርቆሹ ሳህን ላይ ሆኖ ሽሮው ይፈስስበታል። ቁሌቱ ዛሬ አለቀ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይሠራም፣ በረንዳው ሲዘጋም እንዲሁ። ከሚነደው ጋዝ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የከሰል ምድጃ ለሙቀት ማስገባት ደግሞ የባሰ ነው።

ቀን 5፣ ኪልኸርን፣ ደንስታፍኔጅ፣ ዝናብ

የሎክ ሎመንድና ትሮሳክስ ብሔራዊ ፓርክ ከመጋቢት እስከ መስከረም መጨረሻ በተከለሉ የሐይቅ ዳርቻዎቹ ላይ ያለ ፈቃድ ድንኳን አያስተክልም። ከዚያ ውጭ በ2003 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ባልታጠረ ሜዳ በኃላፊነት መስፈር ይቻላል። ኃላፊነት የሚባለው ቁርጥ ያለ ነው፦ ጥቂት ሰው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሊት ያልበለጠ፣ ከቤት፣ ከመንገድና ከታሪካዊ ግንብ የራቀ። መኪና ውስጥ መተኛት በዚህ መብት ውስጥ አይገባም። በግንብ አጸድ ካስማ መምታት አይታሰብም፤ ከሣሩ ሥር ያልተቆፈረ ታሪክ አለ።

ኪልኸርን በሎክ ኦው ሐይቅ ራስ ላይ ነው። በ1450 ገደማ የካምቤል ጌቶች የጀመሩት፣ በ1760 መብረቅ የመታው። ከማማው የወደቀው ክብ ክፍል ዛሬም ግቢው ውስጥ በአናቱ ተተክሎ ይታያል። የእግር መንገዱ በባቡር ሐዲድ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ መሬቱም ዝቅ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ መንገዱ ላይ ይወጣል። ዛሬ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር፤ ጉልበት የሚደርስ ቦት የሌለው ሰው ከመንገዱ ይመለሳል።

ደንስታፍኔጅ ከኦባን አጠገብ፣ ጠጠር እንደ ሊጥ ተቦክቶ የደረቀበት በሚመስል ዓለት ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው የዓለቱን ጠርዝ ተከትሎ ስለሚሄድ ቅርጹ ትክክለኛ አራት ማዕዘን አይደለም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የሸሸውን የስቱዋርት ልዑል ቻርልስን ያስመለጠችው ፍሎራ ማክዶናልድ በ1746 ለጥቂት ቀን ታስራበታለች።

ሌሊቱ በሜዳ ነበር። ከመንገድ 2 ኪሎ ሜትር በእግር፣ ከጉብታ ጀርባ። የመሬቱ ምርጫ በሣሩ ይታወቃል፤ ረጅም ሸምበቆ መሰል ሣርና ስፖንጅ የሚመስል ቀይ አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) ያለበት ረግረግ ነው፣ አጭር ሣርና በግ የጋጠው ደረቅ ነው። የወንዙ ውሃ እንደ ሻይ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ከበሰበሰ ሣር አፈር የመጣ ነው፣ አይጎዳም። ላይ በኩል በግ ስለሚኖር ግን ተፈልቶ ይጠጣል። ለመጸዳጃ ትንሽ አካፋ ተይዟል፤ ከማንኛውም ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ ወረቀቱ በከረጢት ይመለሳል።

ቀን 6፣ ካስል ስቶከር በሩቁ፣ አይሊን ዶናን፣ ሚጅ

ንጋት ላይ 3 ዲግሪ። ሁለተኛው የጋዝ ጣሳ ከመንገድ የተገዛ፣ ቡቴን ብቻ ያለበት ነበር፤ ነበልባሉ ተኮማትሮ ሊጠፋ ደረሰ። ቡቴን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ጭራሽ አይተንም፤ እየነደደ ሳለ ደግሞ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በ3 ዲግሪ አየርም ጣሳው ውስጥ ከዜሮ በታች ይደርሳል። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ሳህን ውስጥ ማቆም አስነሳው። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ጣሳ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፤ ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ቁርሱ በሶ ሆነ።

ካስል ስቶከር በደሴት ላይ ያለ የግል ግንብ ነው፤ ከመንገዱ በላይ ካለው ስፍራ አይቶ ማለፍ ይበቃል። ከዚያ ወደ ሰሜን።

አይሊን ዶናን ሦስት የባሕር ክንዶች በሚገናኙበት ደሴት ላይ ነው። ብዙ ሰው የጥንት ግንብ መስሎት ይመጣል። ጥንቱን የእንግሊዝ መርከቦች በ1719 ደብድበውና በባሩድ አፍርሰውታል፤ ውስጡ የነበሩት የተባረሩትን የስቱዋርት ነገሥታት ለመመለስ ይዋጉ ለነበሩት ለጃኮባውያን የመጡ ስፔናውያን ነበሩ። ዛሬ የሚታየው ከ1912 እስከ 1932 የተገነባ ነው፣ ድልድዩም ከዚያው ዘመን። ይህ ያሳንሰዋል ብለን አናምንም። ነገር ግን እዚህ ቆሞ ስለ መካከለኛው ዘመን መናገር ስህተት ነው፤ ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ሥራ መናገር ግን ልክ ነው። ቀን 1 ላይ የተማርነው ዘዴ ራሱ ይመሰክራል፦ ድንጋዩ አንድ ዓይነት፣ ጥገናው የማይለይ፣ የተደፈነ በር የለም።

ማታ ነፋሱ ቆመ። ሚጅ መጣች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ነች፤ ትንፋሻችንን ተከትላ ትመጣለች፣ እርጥበት፣ ደብዛዛ ብርሃንና የረጋ አየር ትወዳለች። ነፋስ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን መብረር አትችልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሰፈር ምርጫው ተቀየረ፤ ሙሉ በሙሉ የተከለለ ጎድጓዳ ቦታ ቀርቶ ነፋስ የሚነካው ጉብታ ላይ ካስማ ተጨምሮ ይሰፈራል። የግንቡ ጌቶች ነፋስ ያለበትን የመረጡት በሌላ ምክንያት ነው፤ በዚህ አንድ ነገር ግን ድንኳኑም ይስማማል። ተራ የወባ አጎበር አይመልሳትም፣ ቀዳዳው ይሰፋታል፤ ለሚጅ ተብሎ የተሠራ የራስ መረብ ያስፈልጋል። ፒካሪዲን የተባለ ነፍሳት አባራሪ ያለበት ቅባት በእጅና በአንገት። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ከጥቁር ይሻላል። መብራት ከመብራቱ በፊት ዚፑ ይዘጋ።

የመንገድ ነገር፦ እዚህ ብዙው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ማሳለፊያው በግራ ካለ ይገባበታል፣ በቀኝ ካለ ትይዩው ላይ ቆሞ ይጠበቃል። ከኋላ የቸኮለ የአገሬው ሰው ከመጣ ይለፍ። ማሳለፊያ ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሳት መንገዱን ይዘጋል።

ቀን 7፣ ኧርኸርት

በሎክ ነስ ዳር። በ1692 የመንግሥት ወታደሮች ለቅቀው ሲወጡ ጃኮባውያን እንዳይጠቀሙበት አፈነዱት፤ የበሩ ሕንጻ ድንጋይ በግዙፍ ጉማጅ ተጋድሞ የሚታየው ለዚህ ነው። ሐይቁ እስከ 230 ሜትር ይጠልቃል። የአስጎብኚ አውቶቡሶች ከጧቱ 4 ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ በሩ ሲከፈት መግባት ነው።

ፈርን በሚሉት ቅጠላማ ተክል መካከል ከተሄደ በኋላ ማታ መዥገር ፍተሻ፦ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የፀጉር ጠርዝ። አንድ ተገኘ። በመንጠቆው ከቆዳው ጋር ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ተነቀለ፤ ሆዱ ከተጨመቀ ወይም ዘይት ከተቀባ የያዘውን ወደ ቁስሉ ይተፋል። ቀኑና ቦታው ተጻፈ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሦስት ወር ድረስ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ በመዥገር የሚተላለፈው «ላይም» የሚባል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

ቀን 8፣ ደኖተር

ከኢንቨርነስ 190 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስቶንሄቨን አጠገብ። 50 ሜትር ገደል ላይ፣ ከምድር ጋር በቀጭን አንገት ብቻ የተያያዘ። መግቢያው ወደ ታች ወርዶ እንደገና መውጣት ነው፤ ደረጃው ብዙና ቁልቁል ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ከዳር ሆኖ ቢያይ ይሻላል። ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል፤ ከመነሳት በፊት ይጣራ። የስኮትላንድ ዘውድ፣ በትርና ሰይፍ ከክሮምዌል ጦር የተሸሸጉት እዚህ ነው። ግንቡ በ1652 እጁን ሳይሰጥ ሾልከው ወጡና በኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀብረው እስከ 1660 ቆዩ። በቀን 2 በኤድንብራ መስታወት ውስጥ የታዩት እነዚያው ናቸው፤ ለዚህ ነው ጉዞው በዚህ ግንብ እንዲያልቅ የተደረገው።

ከተመለስን በኋላ

ድንኳኑ በዚያው ማታ ተዘርግቶ ሁለት ቀን ደረቀ፤ ታጥፎ ቢቀመጥ ሻጋታ ይይዝና ቅቡ ይላጣል። ካስማ 22 ሄዶ 20 ተመለሰ፣ ከእነዚያም ሦስቱ ጎብጠዋል። የተቃጠለ ጋዝ በድምሩ 430 ግራም፣ ማለትም ከሁለት ባለ 230 ግራም ጣሳ ጥቂት ያነሰ። ድርቆሽ 150 ግራም ተረፈ፣ በሶ አልተረፈም። ለሚቀጥለው የተያዘ ለውጥ፦ ረጃጅም ካስማ ከ4 ወደ 8፣ ቁሌቱ በአንድ ዕቃ ብቻ፣ ሁለተኛው በደረቅ በርበሬና በደረቅ ሽንኩርት ይተካ፤ ሁለተኛ የራስ መረብ፣ አንዱ ተቀዷል።